በፖስታ ሣጥን የገባ ዳቦ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ለማስፈራራት ጉልበቱም የለኝም። ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ደግሞ ሥራነሽ ራሷ፣ እየደከማት፣ ቁጭ ብላ ነግራኛለች።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐዩ ኮብልስቶኑን የሚጠብስበት፣ ባለ ሱቁ ሁሉ ደጁ ላይ የሚያንቀላፋበት ሰዓት።

ቦታው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ያለው አሮጌው ፖስታ ቤት ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋትም ብትሆኑ ምንም አልቀረባችሁም።

አሁን ፖስታ ቤት አይደለም። ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ቤቱ የሥራነሽ ነው።

እኔ አወቀ እባላለሁ፤ በዚያው ሕንፃ፣ ድሮ የስልክ ክፍል በነበረችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። በእኔና በሥራነሽ መካከል ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ስታነጥስ «ይማርሽ» የምላት በጣውላው በኩል ነው።

ሕንፃው የጃንሆይ ጊዜ ነው። ጥቁር ጥርብ ድንጋይ፣ በመካከሉ ነጭ ኖራ፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ አንገት የሚያሳምም ከፍ ያለ ጣሪያ። ከበሩ በላይ «ፖስታ» የሚለው በድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ከሥሩ ሥራነሽ በቀይ ቀለም «ትኩስ ዳቦ አለ» ብላ አስጽፋበታለች።

ፖስታ ቤቱ ወደ መናኸሪያው ሲዛወር ቀበሌ ገባበት። ቀበሌው ሲወጣ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። ከዚያ እንዲሁ ባዶውን ከረመ። ሥራነሽ ስትከራየው የማዳበሪያው ሽታ ከድንጋዩ ውስጥ ይወጣ ነበር። ብታጥበው ብታጥበው አለቀቀም፤ በመጨረሻ የዳቦው ሽታ ሸፈነው።

ድሮ ቴምብር ይሸጥበት የነበረው ባንኮኒ ከነብረት ፍርግርጉ አለ። ዳቦ የምትሸጠው በዚያ ነው።

ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ የሣጥኖቹ ግድግዳ አለ።

እንደምታውቁት እኛ አገር ፖስተኛ በር አያንኳኳም። ባለ ሣጥኑ ራሱ መጥቶ ነው ደብዳቤውን የሚወስደው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በትንንሽ ሣጥኖች የተሞላ ነው። ከውስጥ በኩል ክፍት ናቸው፤ ሠራተኛው ደብዳቤውን በዚያ ያስገባል። ከውጭ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ሣጥን ቁልፍ ያላት የብረት በር ነበረችው። ባለ ሣጥኑ ከውጭው በረንዳ ላይ ቆሞ ይከፍታል፣ ደብዳቤውን ይወስዳል፣ ይሄዳል።

ሰጪና ተቀባይ አይተያዩም።

ሥራነሽ ሣጥኖቹን ጠርጋ አጥባ የዳቦ መደርደሪያ አደረገቻቸው። በየሣጥኑ አንድ አንድ ዳቦ። ሲያዩት ያምር ነበር።

«ዳቦሽ ሁሉ አድራሻ አለው» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

«ለማን እንደሆነ ነው እንጅ ያልተጻፈበት» ትለኝ ነበር።

ሥራነሽ ባሏ ሞቶባታል። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ ገዳሙ ይባላል። የእሱ እኩዮች ስልካቸው ላይ ተጥደው ሲውሉ እሱ ቅኔ ካልተማርኩ ብሎ ለምዱን ለብሶ ወደ መርጡለ ማርያም አቅጣጫ ሄደ። ትንሽ ልጅ ሳለ የፎርኖውን የጋለ የብረት በር ነክቶ፣ ቀኝ እጁ ጀርባ ላይ ባቄላ የምታክል ጠባሳ ቀርታለች። ሥራነሽ ያቺን ጠባሳ ሳትስም ሸኝታው አታውቅም።

መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ኔትወርኩም ጠፋ። አንድ መንገደኛ ጉንደ ወይን ላይ አየሁት አለ። ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም።

በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራት አጣች።

እናት እንግዲህ ምን ታድርግ? ሥራነሽ ያደረገችው ነገር ቢኖር የቆሎ ተማሪ ሲመጣባት ባዶ እጁን አለመመለስ ነው። «እኔ የሰው ልጅ ሳበላ የእኔንም አንዷ ታበላልኛለች» ትላለች። ልጇን ለትምህርት የሰደደች የእኛ አገር እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምታስበው። በእመቤታችን ስም ለለመነ ደግሞ ማነህ፣ ከየት ነህ አይባልም። ይሰጣል፣ በቃ።

ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ሊጥ ታቦካለች። ቀኑን ሙሉ ከፎርኖው ፊት ትቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገዢ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ከባንኮኒው ጀርባ ካለችው በርጩማ ላይ ዘፍ ትላለች። እግሯ ያብጣል። ድካሟ ግን የእግር ብቻ አልነበረም።

አንድ ቀን እንደዚያ ተቀምጣ ሳለ...

«በእንተ ስማ ለማርያም...»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ሥራነሽ እንደምንም ተነስታ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ማንም የለም። መንገዱም ባዶ ነው።

ተመልሳ ተቀመጠች።

«በእንተ ስማ ለማርያም...»

ከጀርባዋ ነው።

ከሣጥኖቹ።

አልፈራችም። ምን ያስፈራታል? ሣጥኖቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ናቸው። በዚያ በኩል የጎረቤታችን የእትዬ የብርጓል ግቢ አለ፤ በአጥራቸውና በግድግዳው መካከል ቀጭን መተላለፊያ ያለ ይመስላት ነበር። ዞራ አይታው ግን አታውቅም። መች ጊዜ ኖሯት?

«በፊት ለፊት አትመጣም አንተ?» አለች።

ዝም።

«ውሻ ፈርተህ ነው?»

ዝም።

ድምፁ የወጣው ከትከሻዋ ከፍታ ላይ ካለ አንድ የጥግ ሣጥን ነበር። ተነስታ እዚያ ያለውን ዳቦ በጣቷ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው።

ጥቂት ቆየ...

ዳቦው ተሳበ። ቀስ ብሎ... ወደ ጨለማው ገባ።

«ጎሽ» አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። እስከ በሩ ድረስ መሄድ ቀረላት።

በማግስቱም መጣ። በሌላውም ቀን። ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት።

እኔ በጣውላው በኩል ሥራነሽ ስታወራ እሰማለሁ። «ብላ እንግዲህ።» «ዛሬስ አረረብኝ፣ ይቅር በለኝ።» የሚመልስላት ሰው ግን አይሰማኝም። ደንበኛ ይሆናል ብዬ ስፌቴን ቀጠልኩ።

ትንንሽ ነገሮች ግን ነበሩ...

የቆሎ ተማሪ ባለፈ ቁጥር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ያብዳል። ይኼኛው ሲመጣ ግን አንድም ውሻ አይጮህም። እንዲያውም ሲጮኹ የነበሩትም ዝም ይላሉ።

ተማሪ ሲቀበል ይመርቃል። ይኼኛው አይመርቅም።

የብረት በር ሲከፈት ሲጥ ይላል። ምንም ሲጥ አይልም።

ደግሞስ በሩ ከተከፈተ የቀን ብርሃን መግባት የለበትም? ሣጥኑ ግን ሁልጊዜ ጨለማ ነው።

ሥራነሽ ይኼን ሁሉ አይታለች። ደክሞት የሚውል ሰው ግን ያያል እንጂ አይገጣጥምም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ዳቦው ከተሳበ በኋላ፣ ድምፁ አልሄደም።

«የማንን ስም ላንሳ?» አለ።

ጥያቄው አያስደነግጥም። ምጽዋት የተቀበለ ተማሪ በጸሎቱ የሰጪውን ስም ያነሳል፤ የሚነሳው ደግሞ ስመ ክርስትና ነው። ግን ስመ ክርስትና ለማንም አይነገርም። ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ለሚያቆርብ ካህን ይነገራል። የቀረው ሰው በዓለም ስማችን ይጥራን። ክፉ እጅ ከገባ ምን ይሠራበት እንደሆነ አይታወቅማ። ይህን ሥራነሽ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች።

ግን ደክሟት ነበር። በማርያም ስም የለመነን ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለች።

«የልጄን አንሳልኝ» አለች በሹክሹክታ። «ከሄደ ወሬው የለም። አካለ ወልድ በልልኝ።»



«አካለ... ወልድ...»

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ትኩስ ነገር ጎርሶ በአፉ እንደሚያዟዙር ሰው።

«አዎ። እሱ ነው።»

«ይመጣል» አለ ድምፁ።

ሥራነሽ ያን ቀን አለቀሰች። ሣጥኑን ሳመችው። በጣውላው በኩል «አወቀ! ይመጣል አለኝ!» ብላ ጮኸችልኝ። ማን እንዳላት አልጠየቅኩም። «አሜን» አልኩ፣ ሌላ ምን ይባላል?

ሳይሰነብት ልጇ መጣ።

በዘጠኝ ሰዓት በሩ ላይ ቆመ። ለምዱን እንደለበሰ፣ አኩፋዳውን እንዳንጠለጠለ። ሥራነሽ እልልታዋ ከተማውን አናጋው። እኔም መቀሴን ጥዬ ወጣሁ፤ አቅፌም ሳምኩት።

ከስቷል። ሌላው ሁሉ ገዳሙ ነው። ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ ሲያፍር አንገቱን የሚሰብርበት አኳኋን።

«በምን መጣህ?» አልኩት።

«በእግሬ። ከጉንደ ወይን።»

እግሩን አየሁት። አቧራ የለበትም።

አቅፌው ሳለ ደግሞ አንድ ሽታ ሸተተኝ። የረሳሁት ሽታ ነው። በኋላ ቤቴ ገብቼ ስተኛ ነው ምን እንደሆነ የገባኝ...

የማዳበሪያ ሽታ ነው።

ሥራነሽ አበላችው። ወጥ ሠርታ አበላችው፤ ዳቦ በማር አበላችው። ሳህኑን ጠርጎ ቀና ይላል።

«እማየ፣ ራበኝ።»

ትጨምራለች። ይበላል።

«እማየ... ራበኝ።»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጥግ ሣጥኑ ይለምናል፤ እሷም ልጇ መጥቶላት የለ፣ ከበፊቱ ይልቅ በደስታ ትሰጣለች። ዳቦው ተስቦ ሲገባ ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠው ገዳሙ፣ ምንም ሳይጎርስ፣ ወደ ኋላ ደገፍ ይላል።

«ተመስገን። ጠገብኩ።»

መጀመሪያ ቀን አላስተዋለችም። በኋላ አስተዋለች። አስተውላም ዝም አለች። ልጅ ከመጣ በኋላ ነገር መመርመር ያስፈራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመጀመሪያ አስተማሪው ወደነበሩት ወደ የኔታ አለበል ወሰደችው። የኔታ አርጅተዋል፤ ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ገዳሙን ሲያዩ ደስ አላቸው። ሊመርቁት እጃቸውን ጫኑበት።

«ስመ ክርስትናህ ማን ነበር ልጄ? እርጅና ነው፣ ጠፋኝ።»

ገዳሙ መሬት መሬቱን አየ።

«በል እንጅ» አለች እናቱ።

ዝም።

«አካለ ወልድ ነው የኔታ። ምን ነካው ዛሬ?»

ገዳሙ ዞር ብሎ ከጀርባው ተመለከተ። የተጠራውን ሰው የሚፈልግ ይመስላል። ከዚያ እናቱን አየ።

«እሱ ማነው እማየ?»

የኔታ እጃቸውን ከራሱ ላይ አነሱ።

ገዳሙን ወደ ቤት ላኩትና ሥራነሽን አስቀርተው ጠየቋት። ሁሉንም ነገረቻቸው። «የእርስዎ ተማሪ ነው እኮ ስሙን ያነሳልኝ» አለች።

«የኔ ተማሪ?» አሉ። «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ማን ተማሪ አለ? እህሉ ሲጠፋ ሁሉንም ወደየአገራቸው ሸኘኋቸው። ጉባኤዬ ባዶ ነው። ጎጆዎቹን እያቸው...»

አየቻቸው። በሮቻቸው በእንጨት ተቀርቅረዋል። ደጃቸው ላይ ሣር በቅሏል።

«ስሙን ለማን ነው የሰጠሽው?» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«እንግዲህ አታብይው። የማያበሉት እንግዳ ይሄዳል።» ይህን ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸውም ደክሟቸዋል።

ከዚያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። አብረን ወደ እትዬ የብርጓል ግቢ ሄድን።

«ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ያሳዩን» አልኳቸው።

«የምን መተላለፊያ?» አሉ እትዬ የብርጓል። «በረት ነው እኮ።»

አስገቡን። የድሮው የፖስታ በረንዳ ዙሪያው ተዘግቶ የላም በረት ሆኗል። የሣጥኖቹ በሮች መታየት የነበረባቸው ቦታ ላይ... ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። ከዳር እስከ ዳር። ቀዳዳ የለው፣ ስንጥቅ የለው።

«ፖስታው ሲለቅ ነው የደፈኑት። ሌባ ይገባል ብለው በሮቹን ነቅለው ደፈኑት» አሉ። «እኔ ነኝ ድንጋዩን በአህያ ያስጋዝኩላቸው። አንች ተከራይተሽ ይኼን አታውቂም?»

ሥራነሽ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ዓይኔ ይለካል። ከውስጥ ሣጥኑን አውቀዋለሁ፣ ከውጭ ድንጋዩን አየሁት። ግድግዳው በሙሉ አንድ ክንድ ነው፤ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ። ከዚያ አያልፍም። ሰው የሚቆምበት ቀርቶ ዳቦ የሚከማችበት ቦታ የለውም።

ላሟን አየኋት። በረቱ ሰፊ ሆኖ ሳለ ከወዲያኛው ጥግ ተጣብቃ ቆማለች።

«ወደዚህ ግድግዳ አትጠጋም» አሉ እትዬ የብርጓል። «ብመታትም አትጠጋም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራነሽ ሣጥኑን ማብላት አቆመች።

በዘጠኝ ሰዓት ይለምናል። ጆሮዋን በነጠላዋ ትጠቀልላለች። ድምፁ አይጨምርም፣ አይቆጣም። ያው ዝቅ ያለ ነው።

«በእንተ ስማ ለማርያም...»

ጠረጴዛው ዘንድ ደግሞ ገዳሙ፣ ፊቱ ሙሉ ሳህን ተቀምጦ...

«እማየ፣ ራበኝ።»

እየበላ እየገረጣ ሄደ። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ጥቂት ቀን እንዳለፈ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። ሥራነሽ በሁለቱ መካከል ዳቦ በእጇ ይዛ ስትመላለስ አየኋት።

እኔ ነገር ሲረዝም አልወድም። ከአንድ ግንበኛ ሲሚንቶ ለመንኩ፤ በባልዲ አቦካሁ፤ የግንበኛውን ማንኪያ ይዤ ገባሁ።

«ልድፈነው» አልኳት። «እነሱ ከውጭ ደፈኑት፣ እኛ ከውስጥ። ያልቃል።»

«ድፈነው» አለች። «ደክሞኛል አወቀ። ድፈነው።»

ወደ ሣጥኑ ስጠጋ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ። ስሙን መልሼ ሳልቀበለው?»

ፊቷን ወደ ጨለማው አስጠጋች። ጠራችው።

«አካለ ወልድ!»

ጠረጴዛው ዘንድ ያለው ገዳሙ አልዞረም።

«አቤት፣ እማየ...»

ከሣጥኑ ነው።

ይህን እኔም ሰማሁት። በእነዚህ ጆሮዎቼ። የሚለምነው ድምፅ አልነበረም። የገዳሙ ድምፅ ነው፤ ከሩቅ፣ ከሥር፣ እንቅልፍ እንዳልለቀቀው ሰው።

ከዚያ ጣቶች መጡ...

እጅ ነው። ቀኝ እጅ። ጥፍሮቹ አፈር ይዘዋል። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ የሣጥኑን አፍ ያዘ።

በእጁ ጀርባ ላይ ባቄላ የምታክል ጠባሳ አለች።

ባልዲውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ሥራነሽ ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ዞረች።

«ልጄ» አለች ጠረጴዛው ዘንድ ያለውን። «እጅህን አሳየኝ።»

ከመጣ ጀምሮ ቀኝ እጁን ከለምዱ አውጥቶ አያውቅም ነበር። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። በግራው ነበር የሚበላው።

አወጣው። ዘረጋው።

ልስልስ ያለ ነው። ምንም የለበትም።

«ይድፈነው እማየ» አለ፣ ረጋ ብሎ። «ይድፈነውና ከዚያ በኋላ አይርበኝም።»

ሥራነሽ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። አንደኛው መልክ አለው፤ ሌላኛው ስምና ጠባሳ አለው። የትኛው ነው ልጇ? እኔ አላውቅም። እሷም በዚያች ሰዓት ያወቀች አይመስለኝም።

«ሲሚንቶህን ይዘህ ውጣ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሥራነሽ...»

«ልጄን በቁሙ ልትቀብርብኝ ነው? ውጣ!»

ወጣሁ። ሲሚንቶው ባልዲው ውስጥ እንዳለ ደረቀ። አሁንም ደጄ ላይ ነው፤ ደንበኞቼ ይቀመጡበታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራነሽ ለሣጥኑ ዳቦ አትሰጥም። በዘጠኝ ሰዓት እጇን ታስገባለች። እጁን ትይዘዋለች። በቃ፣ እንደዚያ ሆና ትቆያለች። የኔታ አለበል አልፎ አልፎ በከዘራቸው እየተደገፉ ይመጣሉ፤ ደጁ ላይ ቆመው ይጸልያሉ፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ይመለሳሉ። እሷ ከሣጥኑ አትላቀቅም። ለሰው ዳቦ መጋገሩንም እየተወች ነው። ፎርኖው ከቀዘቀዘ ሰነበተ፤ የዳቦው ሽታም ጠፋ። የድሮው ሽታ ተመልሷል።

ባለፈው ሰሞን ሳያት እጇ እስከ ክርኗ ገብቶ ነበር። የግድግዳውን ውፍረት ታውቃላችሁ፤ እስከ ክርን ነው። ስለዚህ ምንም አላልኩም።

ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ጸጥታው ከበደኝና ገባሁ።

ሥራነሽ ጉንጯን ከሣጥኖቹ ላይ አስደግፋ ቆማለች። ዓይኗን ጨፍናለች። እንዲያ ያረፈ ፊት ካየሁባት ዘመን የለውም።

«መሞቅ ጀምሯል አወቀ» አለች በሹክሹክታ። «በረዶ ነበር እኮ። አሁን እጁ ሞቀ። ትንሽ ነው የቀረው... ልስበው ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን አልተነካም። ልጁ ጉንጩ ሞልቷል፤ ከንፈሩ ወዝ አውጥቷል። እኔን አየኝና ፈገግ አለ። ወንበሩን ደገፍ አለ።

«ተመስገን» አለ። «ጠገብኩ።»

ወደ ሥራነሽ ዞርኩ።

ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገብቷል።

እግሯን አየሁ። ተረከዟ ከወለሉ ለቋል። በጣቶቿ ጫፍ ነው የቆመችው፤ እያየሁ... አንደኛው ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ወደቀ።

እየሳበች ያለችው እሷ አልነበረችም።